ፕሮፌሰር ፍሪድሪኽ ትሬንደለንበርግና የእግር ደም መልስ ቀዶ ሕክምና

በቀዶ ሕክምና ሙያ የተሰማራ ሰው የፍሪድሪኽ ትሬንደለንበርግን ስም ሳይጠራ ወይም ሲጠራ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው፡፡ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የተኛው ሕመምተኛ ራሱ ዝቅ፣ እግሩ ከፍ እንዲል ሲፈለግ ለረዳቱ የሚሰጠው ትእዛዝ በእርሳቸው ስም የተሰየመ ነው፡፡ በአንድ እግሩ ሲቆም ዳሌው በሌላው ወገን የሚያዘነብልበትን ሕፃን የሚመረምር ሐኪም የሚፈልገው ምልክት በስማቸው ይጠራል፤ የእግሩ ደም መልሶች ያበጡበትን ሰው አስተኝቶና አስነሥቶ የማየቱ ምርመራም እንዲሁ፡፡ ይሁን እንጂ ስሙ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ባለስሙ ተረስተዋል ለማለት ይቻላል፡፡ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለዛሬው ሐኪም ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው በስማቸው የሚጠራው አቀማመጥ አይደለም፡፡ ይህን ሕመምተኛ መቅደድ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል የሚለውን ጥያቄ፣ ምላጭ ከመነሣቱ አስቀድሞ፣ በአልጋው አጠገብ ለመመለስ ያደረጉት ጥረት ነው፡፡

ትሬንደለንበርግ የተወለዱት ሜይ 24 ቀን 1844 በበርሊን ከተማ ነው፡፡ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡ አባታቸው ፍሪድሪኽ አዶልፍ ትሬንደለንበርግ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ፕሮፌሰር የነበሩ፣ በተለይም በአርስቶትል ሥራዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ስማቸው የታወቀ ሰው ናቸው፡፡ ልጅየው ወደ ሕክምና ያዘነበሉት ገና በወጣትነታቸው ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ግላስጎ ከተማ፣ በሄዱ ጊዜ ነው፡፡ በዚያም የአለን ቶምሰንን የአካል ጥናት ትምህርት ተከታተሉ፡፡ ከዚያ በኋላ ወደ በርሊን ተመልሰው ትምህርታቸውን ቀጠሉና በ1866 የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ፡፡ የጽሑፉ ርእስ ለጊዜው ሰው እንግዳ ነበረ፤ የጥንት ሕንዶች ቀዶ ሕክምና የሚል ሲሆን የተጻፈውም በላቲን ቋንቋ ነው፡፡ ገና የራሳቸውን ምላጭ ሳይጨብጡ ከብዙ ዘመን በፊት የነበሩ ቀዳጆች ምን እንዳደረጉና ለምን እንዳደረጉ መመርመራቸው፣ ኋላ የሚታወቁበትን የጠያቂነት ጠባይ አስቀድሞ የሚያሳይ ይመስላል፡፡

ከ1868 እስከ 1874 በበርሊን የታላቁ የበርንሃርድ ፎን ላንገንቤክ ረዳት ሆነው ሠሩ፡፡ በዚያ ዘመን ከጀርመን የቀዶ ሕክምና መምህራን መካከል በላንገንቤክ ክሊኒክ ያላለፈ ጥቂት ነበረ፡፡ ወጣቱ ረዳት በዚያ ሳሉ የሠሩት አንድ መሣሪያ ዛሬም በሌላ መልክ በየቀዶ ሕክምናው ክፍል አለ፡፡ በአፍና በመንጋጋ ላይ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ደም ወደ ሳንባ እየወረደ ሕመምተኛውን ያፍነው ነበርና፣ በአንገት በኩል ወደ አየር ቧንቧ የሚገባ ቱቦ አዘጋጁ፡፡ ቱቦው ዙሪያውን በአየር የሚነፋ የላስቲክ ከረጢት ስለ ነበረው ደሙን ከላይ ይከለክላል፤ ማደንዘዣውም በዚያው ቱቦ ይሰጣል፡፡ ይህን በ1871 በጽሑፍ አወጡ፡፡ ዛሬ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ በሚያስገባው ቱቦ ጫፍ ላይ የሚነፋው ከረጢት የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው፡፡

የሥራ ጉዟቸው ከዚህ በኋላ ፈጣን ነበረ፡፡ በ1874 በበርሊን የፍሪድሪኽስሃይን ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ኃላፊ፣ በ1875 በሮስቶክ ፕሮፌሰር፣ በ1882 በቦን፣ በ1895 ደግሞ በላይፕዚግ የቀዶ ሕክምና መንበር ያዙ፤ በ1911 በጡረታ እስኪሰናበቱም ድረስ በላይፕዚግ ቆዩ፡፡ በስማቸው የሚጠራው አቀማመጥ የታወቀው በቦን ሳሉ ነው፡፡ የሕመምተኛው ዳሌ ከፍ ሲል አንጀት ወደ ድያፍራም ይንሸራተታል፣ የዳሌ ውስጥ አካላትም ለቀዳጁ ዓይን ይገለጣሉ፡፡ ስለዚህ ጉዳይ በ1885 በቅድሚያ የጻፉት ተማሪያቸው ቪሊ ማየር ሲሆኑ፣ እርሳቸው ራሳቸው በፊኛና በሴት ብልት መካከል የሚፈጠረውን ፊስቱላ ስለ መጠገን ሲያስረዱ በ1890 ጻፉበት፡፡ ኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብዙ ሐኪሞች ይህንኑ አቀማመጥ ደሙ ለወረደ ቁስለኛ መድኃኒት አድርገው ያዙት፡፡ ይህ ግን የትሬንደለንበርግ ሐሳብ አልነበረም፤ ጥቅሙም በኋለኞቹ ጥናቶች የተጠበቀውን ያህል ሆኖ አልተገኘም፡፡ የታላላቅ ሰዎች ስም ብዙ ጊዜ እነርሱ ያላሉትን ሲሸከም ይኖራል፡፡

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ፡፡ በተለምዶ ቫሪኮስ የሚባለው የእግር ደም መልስ ማበጥ ጥንታዊ ሕመም ነው፤ ሕክምናውም ያንኑ ያህል ጥንታዊና ብዙ ጊዜም ጨካኝ ነበረ፡፡ ያበጠውን ሥር መውጋት፣ መተኮስ፣ ማሰር፣ ቆርጦ ማውጣት፣ ሁሉም በየዘመኑ ተሞክሯል፡፡ ከሊስተር ጸረ ቁስል ብከላ ዘዴ በፊት ግን ደም መልስን የነካ ምላጭ እጅግ የሚያስፈራ ነበረ፡፡ የተቋጠረው ሥር መግል ይቋጥራል፤ መግሉ ከደም ጋር ይዛመታል፤ ለመልኩ ወይም ለጥቂት ሕመም ሲል የገባው ሰው ሬሳ ሆኖ ይወጣል፡፡ በዚህ የተነሣ አስተዋይ ሐኪሞች እግሩን በመጠቅለያ ጨርቅ አጥብቀው አስረው፣ ቁስል ያወጣውንም ለብዙ ወራት አስተኝተው መጠበቅን ይመርጡ ነበር፡፡ ጸረ ብከላው ዘዴ ሲስፋፋ ፍርሃቱ ቀለለ፡፡ ፍርሃቱ ሲቀል ግን ሌላ አደጋ መጣ፤ መቅደድ ስለ ተቻለ ብቻ ሁሉን መቅደድ፡፡

ትሬንደለንበርግ በቦን የጠየቁት ጥያቄ እንግዲህ እንዴት ይቀደዳል የሚል ብቻ አልነበረም፡፡ ማን ይቀደድ፣ ለምንስ የሚል ነበረ፡፡ አስተሳሰባቸው ከእግሩ ሥራ ይነሣል፡፡ ከቆዳ በታች ከቁርጭምጭሚት ተነሥቶ በጭኑ ውስጠኛ ገጽ አልፎ በብሽሽት ወደ ጥልቁ ደም መልስ የሚገባው ረጅም ሥር ሳፌና ይባላል፡፡ በውስጡ ደም ወደ ላይ እንዲያልፍ እንጂ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚከለክሉ ክዳኖች አሉ፡፡ እነዚህ ክዳኖች መዝጋት ሲሳናቸው ከልብ አንሥቶ እስከ እግር ድረስ ያለው የደም ዓምድ ክብደቱን ያለ ከልካይ በእግሩ ላይ ይጥላል፡፡ ዝም ብሎ የቆመ ሰው በቁርጭምጭሚቱ ደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይደርሳል፡፡ ጤነኛው እግር ሲራመድ የባት ጡንቻ ደሙን እየገፋ፣ ክዳኖቹም እየያዙ ይህን ግፊት እጅግ ያወርዱታል፤ ክዳናቸው የተበላሸባቸው ሥሮች ግን ይህ ዕረፍት የላቸውም፡፡ ትሬንደለንበርግ ከዚህም አልፈው ደሙ በሳፌና ወደ ታች ወርዶ፣ በአገናኝ ሥሮች ወደ ጥልቁ ገብቶ፣ በጥልቁ ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና በሳፌና እንደሚወርድ ተመለከቱ፡፡ ደሙ ወደ ልብ በሚገባ ሳይደርስ በዚያው በእግር ውስጥ ሲዞር የሚውልበትን የተዘጋ ክብ አስረዱ፡፡ ይህ አስተያየት ዛሬም በመሠረቱ ትክክል ነው፡፡

ክቡን መስበር ይቻል እንደ ሆነ ለማወቅ ያስተማሩት ምርመራ ከጣት በቀር መሣሪያ አይሻም፡፡ ሕመምተኛው ይተኛል፤ እግሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ ያበጡት ሥሮች ባዶ እስኪሆኑ ይጠበቃል፡፡ ሐኪሙ የሳፌናን ግንድ በጣቱ ይጫናል፤ ሕመምተኛውም ጣቱ ሳይነሣ ይቆማል፡፡ ሥሮቹ ባዶ ሆነው ቆይተው ቀስ በቀስ ከታች ብቻ ቢሞሉ፣ ጣቱም ሲነሣ ደሙ ከላይ እንደ ጎርፍ ቢወርድባቸው፣ ጥፋቱ በላይኛው ክዳን ነው፤ ስለዚህ ግንዱን ማሰር ይረዳል፡፡ ጣቱ እንደ ተጫነ ሥሮቹ ወዲያው ቢሞሉ ግን ደሙ የሚገባው በሌላ በር፣ ማለትም ከጥልቁ በአገናኝ ሥሮች በኩል ነው፡፡ የዚህን ሰው ሳፌና ማሰር ሕመሙን አይነቅለውም፡፡ የዚህ ምርመራ መሠረት ከእርሳቸው በፊት በእንግሊዛዊው ሐኪም በቤንጃሚን ብሮዲ በ1846 ተገልጾ እንደ ነበር ሊጠቀስ ይገባል፤ የሁለቱ ስም አንድ ላይ የሚጠራውም በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ምርመራውን ለቀዶ ሕክምና መግቢያ በር ያደረጉት ግን ትሬንደለንበርግ ናቸው፡፡ ምርመራው ያልመረጠው ሰው ወደ ጠረጴዛው አይወጣም፡፡

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ትንሽ ነበረ፡፡ በጭኑ ላይ አጭር ቁስል ተከፍቶ ሳፌና ይገኛል፣ በሁለት ቦታ ይታሰራል፣ በመካከሉ ይቆረጣል፤ ያበጡት ሥሮች እንዳሉ ይተዋሉ፡፡ ትሬንደለንበርግ ይህን በ1890 እና በ1891 መካከል በወጣው ጽሑፋቸው ለሙያው አቀረቡ፡፡ ዛሬ ሲታይ ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ሥሩን ያሰሩት በብሽሽት በሚገናኝበት ቦታ ሳይሆን ከዚያ ዝቅ ብለው ስለ ነበር፣ ከላይ የቀሩት ቅርንጫፎች ለደሙ አዲስ መንገድ ከፈቱለት፡፡ ከሕመምተኞቹ የአንዳንዶቹ ሥር ከጊዜ በኋላ እንደገና አበጠ፡፡ የሜልቦርኑ ሙር በ1896፣ አሜሪካዊው ጆን ሆማንስ ደግሞ በ1916 ማሰሪያው ወደ ብሽሽት ከፍ እንዲል ያስተማሩት ይህን ጉድለት ለማረም ነው፡፡

ይህን ጉድለት ለሙያው ማኅበር የገለጠው ባላንጣ ሳይሆን የገዛ ረዳታቸው መሆኑ ለትሬንደለንበርግ ክሊኒክ ክብር የሚሰጥ ነው፡፡ ጌኦርግ ፔርተስ በመምህራቸው ዘዴ የታከሙትን ሰዎች ተከታትለው መርምረው ውጤቱን፣ ዳግመኛ ያበጠባቸውን ሳይደብቁ፣ በ1895 አሳተሙ፡፡ ረዳት የአለቃውን ሥራ መርምሮ በይፋ ሲጽፍ አለቃው ካልከለከለ፣ ያ ክሊኒክ ጤነኛ ነው፡፡ ከዚህም በላይ ፔርተስ መምህራቸው በቂ መልስ ያልሰጡበትን አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ይኸውም ጥልቁ ደም መልስ ክፍት ነውን የሚል ነው፡፡

ይህ ጥያቄ ከሁሉ የሚያሰጋው ነው፡፡ ከብዙ ዓመት በፊት ከወሊድ ወይም ከአጥንት ስብራት በኋላ በጥልቁ ሥር ደም ረግቶበት መንገዱ የተዘጋበት ሰው አለ፡፡ የዚህ ሰው የቆዳ ሥሮች ያበጡት ደም የሚመለስበት ሌላ መንገድ ስለ ሌለ ነው፤ ለዓይን እንደ ማንኛውም ቫሪኮስ ቢመስሉም ለእግሩ የቀሩት ብቸኛ መውጫዎች እነርሱ ናቸው፡፡ እነዚህን ማሰር እግሩን ከነደሙ መዝጋት ነው፡፡ የፔርተስ ምርመራ ይህን የሚፈትነው በመራመድ ነው፡፡ እግሩ በላስቲክ ይታሰራል፤ ሕመምተኛው ይራመዳል፡፡ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ጥልቁ ገፍቶ ሥሮቹ ከቀለሉ መንገዱ ክፍት ነው፡፡ ሥሮቹ ይበልጥ ቢወጠሩና እግሩ ቢታመም ግን ቀዳጁ ምላጩን ማስቀመጥ ይገባዋል፡፡ መምህሩና ረዳቱ እንዲህ እየተጋገዙ ለአንድ ቀላል ለሚመስል ቀዶ ሕክምና ሁለት በር ሠሩለት፤ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምናው ይጠቅም እንደ ሆነ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ይጎዳ እንደ ሆነ፡፡

የሁለቱም የጣትና የላስቲክ ምርመራዎች ትክክለኛነት ውሱን መሆኑን የኋላ ዘመን አረጋግጧል፡፡ ከ1980ዎቹ ወዲህ በድምፅ ሞገድ የደሙን አካሄድ የሚያሳየው የዱፕሌክስ አልትራሳውንድ መሣሪያ ቦታቸውን ወስዷል፡፡ ከ2000 ገደማ ጀምሮም ሥሩን ከውስጥ በሙቀት መዝጋት በብዙ አገር የማሰርና የመንቀል ሥራን ተክቷል፡፡ መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ጥያቄዎቹ አልተለወጡም፡፡ ደሙ ከየት ይወርዳል፤ ጥልቁ ክፍት ነው ወይ፤ ሕመምተኛው ከዚህ በፊት በእግሩ ወይም በሳንባው ደም ረግቶበት ያውቃል ወይ፤ የእግሩ የደም ቅዳ ትርታ ይገኛል ወይ፤ ነፍሰ ጡር ናት ወይ፤ ሆርሞን ያለበት መድኃኒት ትወስዳለች ወይ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተነሥቶ ሊራመድ ይችላል ወይ፡፡ አልትራሳውንድ በማይገኝበት ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሐኪም ዛሬም የትሬንደለንበርግን ጣት ቢጠቀም የሚያሳፍረው ነገር የለም፡፡ ጣቱ ያልመለሰለትን ግን በግምት ሞልቶ ምላጭ ከማንሣት ሕመምተኛውን መሣሪያው ወዳለበት መላክ ይሻለዋል፡፡

ትሬንደለንበርግ ወደ ላይፕዚግ ከሄዱ በኋላ ከደም መልስ ጋር የነበራቸው ጉዳይ ወደ ጨለማው ወገን ዞረ፡፡ በ1902 ከወሊድ በኋላ በመግል የተመረዘ ደም በዳሌ ሥሮች በኩል ሲዛመት እነዚያን ሥሮች በማሰር ስለ ማዳን ጻፉ፡፡ ከዚህ ይበልጥ ግን የየዘመኑን ቀዳጅ እንቅልፍ የሚነሣው ነገር ያዛቸው፡፡ ቀዶ ሕክምናው በሚገባ ተፈጽሟል፤ ቁስሉ ጠግጓል፤ ሕመምተኛው ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው፡፡ ድንገት ከአልጋው ሲነሣ ደረቱን ይዞ ይወድቃል፤ ፊቱ ይገረጣል፤ ይሞታል፡፡ በእግር ወይም በዳሌ ሥር የረጋ ደም ተነቅሎ በልብ በኩል አልፎ የሳንባን ደም ቅዳ እንደሚዘጋ ሩዶልፍ ፊርኾ አስቀድመው አስተምረው ነበር፡፡ በዚያ ዘመን ግን ይህን ማወቅ ለሐኪሙ ከሬሳ ምርመራ ክፍል ያለፈ ጥቅም አልሰጠውም፡፡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን የተገኘው በ1916 ነው፤ ለሕመምተኛ መሰጠት የጀመረው ከዚያም ብዙ ቆይቶ ነው፡፡

ትሬንደለንበርግ በዚህ ሞት ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ፡፡ ሕመምተኞቹ ሁሉ ወዲያው አይሞቱም፤ በአንዳንዶቹ ዘንድ ከውድቀቱ እስከ መጨረሻው ትንፋሽ ጥቂት ደቂቃዎች፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ጊዜ አለ፡፡ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደረቱን መክፈት ይቻላልን? በእንስሳት ላይ ሞክረው ዘዴውን አዘጋጁ፡፡ በግራ በኩል ደረቱ ይከፈታል፤ የልብ ከረጢት ይቀደዳል፤ የላስቲክ ቱቦ ከታላላቆቹ ሥሮች ጀርባ ይተላለፍና ተስቦ የደሙ ጉዞ ይገታል፤ የሳንባው ደም ቅዳ ተሠንጥቆ የረጋው ደም በመቆንጠጫ ይወጣል፡፡ ይህ ሁሉ ደሙ ከተገታ በኋላ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መፈጸም አለበት፡፡ የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካ መኪና ባልነበረበት ዘመን ይህ እብደት ሳይመስል አልቀረም፡፡

በ1908 በሰው ላይ ያደረጉትን ለጀርመን የቀዶ ሕክምና ማኅበር ጉባኤ አቀረቡ፡፡ ከሕመምተኞቻቸው አንዱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከአንድ ቀን በላይ ኖረ፤ የዳነ ግን አልነበረም፡፡ ሌሎች ቀዳጆችም በየአገሩ ሞከሩ፤ እነርሱም አልተሳካላቸውም፡፡ በዚያን ጊዜ ጥቂት ያልሆኑ ሰዎች ሊሞት የቀረበን ሰው ሞቱ በሰላም እንዳይሆን ማድረግ ነው ሲሉ ሥራውን ነቅፈዋል፤ ነቀፋውም በቀላሉ የሚጣል አልነበረም፡፡ ሌላም ችግር ነበረበት፤ ሕመምተኛው የወደቀው በእርግጥ በረጋ ደም ነው ወይስ በልቡ ሕመም የሚለውን በደቂቃዎች ውስጥ የሚለይ ምርመራ አልነበረም፡፡ በእግር ደም መልስ ላይ እንዲያ ተጠንቅቀው በር የሠሩት ሰው፣ እዚህ ላይ በር የማይሠራለት ሥራ ገጠማቸው፡፡

በ1911 ከላይፕዚግ መንበራቸው ሲነሡ የሳንባው ቀዶ ሕክምና አንድም ሰው አላዳነም ነበር፡፡ ወደ በርሊን ተመልሰው በጽሑፍ ሥራ ላይ አተኰሩ፡፡ የጀርመን ቀዶ ሕክምና ማኅበር የመጀመሪያዎቹን 25 ዓመታት ታሪክ ጽፈው በ1923 አሳተሙ፤ በ1924 ደግሞ የወጣትነት ዘመናቸውን ትዝታ የያዘ መጽሐፍ አወጡ፡፡ ከልጆቻቸው መካከል ቪልሄልም በፊዚዮሎጂ፣ ፓውል ደግሞ በመድኃኒት ጥናት በሙያው ዓለም የታወቁ ሊቃውንት ሆነዋል፡፡

ማርች 18 ቀን 1924 በኮኒግስበርግ ከተማ ማርቲን ኪርሽነር በአንዲት የ38 ዓመት ሴት ላይ የትሬንደለንበርግን ቀዶ ሕክምና አደረጉ፡፡ ሴትዮዋ ከጥቂት ቀናት በፊት ለታነቀ የአንጀት ቡአ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ስታገግም ሳለ የወደቀች ነበረች፡፡ ደረቷ ተከፈተ፤ የረጋው ደም ወጣ፤ ሴትዮዋም ዳነች፡፡ ከ16 ዓመት ውድቀት በኋላ ይህ የመጀመሪያው ነው፡፡ ከዚያም በ1920ዎቹ መጨረሻ በስዊድን ክላረንስ ክራፎርድና ጉናር ኒስትረም ሌሎች ሕመምተኞችን በዚሁ መንገድ አዳኑ፡፡

ትሬንደለንበርግ ከኮኒግስበርጉ ቀዶ ሕክምና ዘጠኝ ወር ያህል ኖረው፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1924 በ80 ዓመታቸው በበርሊን አረፉ፡፡